ሁለቱም መንገድ ደጀን ላይ ይገናኛል

[ምስል፦ ካርታ፤ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ሁለት ቀይ መስመሮች ይወርዳሉ]

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ እህል የሚያስጭን ነጋዴ በጎጃም በኩል ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በዳንግላ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ ያልፋል፤ ሌላው በሞጣና በቢቸና። «አንዱ ቢዘጋ በሌላው እዞራለሁ» ብሎ እፎይ ይላል። መስመሮቹን ወደ ታች ስንከተላቸው ግን ደጀን ላይ ይገናኛሉ። ከደጀን ቀጥሎ የአባይ በረሃ ነው። በክረምት እዚያ ናዳ ወርዶ መንገዱን ከቆረጠው፣ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ተዘጉ ማለት ነው።

ለክፉ ቀን ተዘጋጅተናል የሚሉ ብዙ ድርጅቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መጠባበቂያ አላቸው፤ መጠባበቂያውና ዋናው ግን ጉሮሯቸው አንድ ነው።

[ምስል፦ ፍኖተ ሰላም፤ ወፍጮ ቤት፤ በር ላይ የተደረደሩ ጆንያዎች]

አንድ ባለወፍጮ እናስብ። መብራት ይጠፋል ብሎ ጀነሬተር ገዝቷል። ናፍጣውን በጀሪካን የሚያስቀዳው ከከተማው ማደያ ነው። የማደያው ፓምፕ በመብራት ይሠራል፤ ቦቴውም የሚመጣው ያንኑ በረሃ አቋርጦ ነው። ጀነሬተሩ ለግማሽ ቀን ይበቃል፤ ለሁለት ሳምንት ግን ጌጥ ነው።

ገንዘቡም እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በመተግበሪያ ብቻ መክፈል የለመደ ሰው እጁ ታሰረ። የዱቤ ደብተር ኔትወርክ አይጠይቅም፤ የናቅነው ሰዎች እናስብበት።

[ምስል፦ መብረቅ፤ የፋብሪካ ጣሪያ]

ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። በመጋቢት 1992 ዓ.ም. አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በሚገኝ የፊሊፕስ ቺፕ ፋብሪካ በመብረቅ ሰበብ ትንሽ እሳት ተነሣ። በደቂቃዎች ውስጥ ጠፋ፤ ጭሱና ውኃው ግን ቅንጣት አቧራ የማይገባባቸውን ክፍሎች አበላሸ። የእጅ ስልክ አምራቾቹ ኖኪያና ኤሪክሰን ሁለቱም ለስልኮቻቸው የሚሆን ቺፕ ከዚያ ይገዙ ነበር። ሥራው የሚስተጓጎለው ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው ተባሉ። ኖኪያ አልተኛም። በየቀኑ እየደወለ ጠየቀ፣ ነገሩን ቶሎ ለአለቆቹ አደረሰ፣ ከሌሎች አምራቾች ምርት ያዘ። ኤሪክሰን ቤት ግን ወሬው ከበታች ሠራተኞች ሳያልፍ ሰነበተ፤ ፊቱን የሚያዞርበት ሌላ ሻጭም አልነበረውም። 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አጣ፤ ቆይቶም የእጅ ስልክ ሥራውን ከሶኒ ጋር አዋሐደ።

እኔን ከኪሳራው ይልቅ የሚገርመኝ የወሬው መዘግየት ነው። ወፍጮው ያልለመደ ድምፅ ሲያሰማ ቀድሞ የሚሰማው ፈጪው ነው። «ዝም ብለህ ፍጭ» የተባለ ፈጪ በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም፤ ባለቤቱም የሚሰማው ድንጋዩ ከተሰበረ በኋላ ነው።

[ምስል፦ ባለወፍጮው ባዶ ጀሪካን ይዞ ማደያ ይገባል]

ባለወፍጮአችን ዛሬ፣ ሰማዩ ጠርቶ መብራቱም ሳይጠፋ፣ ማደያው ሄዶ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «መብራት ሲጠፋ ይህ ፓምፕ በምን ይሠራል?»