ጠባሳው ትንሽ ነው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ ወገቤ ላወራችሁ ነው።

የመጀመሪያውን የዲስክ ቀዶ ጥገና የተደረግኩት በጠባብ ቀዳዳ፣ በካሜራ ነው። በነጋታው ቆሜ ሄድኩ። ባለቤቴ ጠባሳውን ፎቶ አንስታ አሳየችኝ፤ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። "በቃ፣ ዳንኩ" አልኩ።

በ5ኛው ሳምንት ልጄን ከወለል ላይ ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ከመቀመጫዬ ተነስቶ እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ ድረስ የወረደው ህመም ያው የድሮው ነበር። ልጄን ቀስ አድርጌ መልሼ አስቀመጥኳት።

ዲስክ በአጥንቶቹ መሃል ያለ ትራስ ነው። ዙሪያው ጠንካራ ቀለበት፣ ውስጡ ለስላሳ። ቀለበቱ ሲቀደድ ለስላሳው ወጥቶ ነርቭ ይጫናል። ሐኪሙ ያንን የወጣውን ያነሳል። ቀለበቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተሰፍቶ አይዘጋም። ውስጥ የቀረው በዚያው በር ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። እኔ የማየው የቆዳዬን ጠባሳ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ቀለበታቸው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ከነበራቸው ሰዎች ዲስኩ ዳግም የወጣባቸው 1 በመቶ ገደማ ናቸው። ሰፊ ክፍተት የነበራቸው ላይ ግን 27 በመቶ። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ስለ ቀዳዳዬ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበራ!

ደግሞ አጨስ ነበር። የአዋቂ ሰው ዲስክ መሃሉ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከጎኑ ካለው አጥንት እየሰረገ ነው። ሲጋራ ይችኑ ጠባብ መንገድ ያጠባታል። ለዲስኩ ዳግም መውጣት የስኳር በሽታም ስሙ ይነሳል። ስለ ክብደት ጥናቶቹ አይስማሙም። በካሜራ ሲሠራ የሐኪሙ ልምድም ለውጥ ያመጣል፤ የተረሳ ቁራጭ ካለ ዳግም ቀዶ ጥገና መግባት ግድ ሊሆን ይችላል።

የእኔን ያመጣው ማንሳቴ ይሁን ሲጋራው፣ ማንም ለይቶ አልነገረኝም። ለሁለተኛ ጊዜ ተሠራሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሽንት አልወጣ ካለ፣ ወይም በጭኖቻችሁ መሃል ከደነዘዛችሁ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ከሁለተኛው በኋላ ሐኪሙ ሲገባ መጀመሪያ የጠየቅኩት "ቀዳዳው ምን ያህል ነበር?" ብዬ ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና በወረቀት ላይ ሳለልኝ። ወረቀቷ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለች።