ሻንጣው ሳይዘጋ የሚገባ ወረቀት

(ወደ ትዳር አጋሮቻቸው ለመሄድ ቪዛ ለሚጠብቁ የባሕር ዳር ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ወደ አሜሪካ የሄድኩት በትዳር ነው። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ያኔ እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ናችሁ። ባል ወይም ሚስት ማዶ ነው። ኢንተርቪው የሚጠብቅ አለ። ቪዛው እጁ ገብቶ ትኬት የሚያፈላልግም አለ። እንኳን ደስ አላችሁ። ናፍቆቱን አውቀዋለሁ፤ ወረቀት መጠበቁንም አውቀዋለሁ።

የሄድኩ ዕለት ሌሊት እናቴ ከጎረቤት ሚዛን ተውሳ አመጣች። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬው ተመዘነ፣ ሽሮው ተመዘነ፣ ቅቤው በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ ገባ። ግማሽ ኪሎ ሲያልፍብን ኮሰረቱን አወጣነው። እናቴ ሆዷ አልችል ብሎ መልሳ አስገባችው፤ በምትኩ የእኔ ጫማ ወጣ። እንደዚያ ተጨንቀን ስናስር፣ «ደርሳ ብትታመምስ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

በደረስኩ በ11ኛው ቀን ታመምኩ።

ሌሊት እምብርቴ አካባቢ ጀመረኝ። የጉዞ ድካም ነው፣ የምግብ ለውጥ ነው አልን። ዝንጅብል አፈላሁ። ሲነጋ ሕመሙ ወደ ቀኝ ወርዶ ቀጥ ብዬ መቆም አቃተኝ። ባለቤቴ የኡበር ሹፌር ነው። እንጀራ በሚበላባት መኪና ሆስፒታል አደረሰኝ። ነርሷ አልጋዬ ላይ ስልክ አስቀመጠችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። «ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ አስተርጓሚሽ ነኝ» የሚል የሴት ድምፅ ወጣ። ከሕመሙ ይልቅ ያ ድምፅ አስለቀሰኝ። ትርፍ አንጀት ነበር። በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ።

ሐኪሞቹን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መከራው የመጣው በኋላ በፖስታ ነው። መጀመሪያ የሆስፒታሉ ሂሳብ መጣ። ቀጥሎ የቀዶ ሐኪሙ ለብቻው። ቀጥሎ የማደንዘዣ ባለሙያው ለብቻው። ሲደመር ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። ባለቤቴ ፖስታዎቹን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ዝም ብሎ ያያቸው ነበር።

ኢንሹራንስ አልነበረሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ። ባለቤቴ ከመምጣቴ በፊት ኢንተርኔት ላይ «ለአዲስ ገቢዎች» የሚል ማስታወቂያ አይቶ ርካሹን ገዝቶልኛል። ወረቀቱን ሁለታችንም አላነበብነውም። ለካ ኢንሹራንሱ ቁርጥ ከፋይ ነው። ለአንድ የአልጋ ቀን ይህን ያህል፣ ለቀዶ ጥገና ይህን ያህል ይላል። ሆስፒታሉ አሥር እጥፍ ቢጠይቅ ቁርጡን ከፍሎ ዞር ይላል። የቀረው የእኛ ሆነ።

ስለዚህ የዛሬው ጉዳዬ ይህ ነው። የኢንሹራንሱ ነገር ማለቅ ያለበት እዚህ፣ ባሕር ዳር ሳላችሁ ነው። እዚያ ደርሰን እናየዋለን አይባልም።

የጤና መድን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ እዚሁ ጣና ዳር ያለችው ፎገራ ነበረች። መዋጮው በቤተሰብ ነው። አባወራው ይከፍላል፣ ሚስትም ልጆችም አብረው ይታከማሉ። እና «ባሌ ኢንሹራንስ አለው» ሲባል እኛም ያለን ይመስለናል። እዚያ እንደዚያ አይደለም። ሰው የሚገባው በስሙ ነው። መጋባታችሁ ብቻውን አያስገባችሁም። ማመልከቻ አለው፣ ቀነ ገደብ አለው፣ ቀኑ ካለፈ ደግሞ በሩ ይዘጋል።

ባለቤታችሁ ተቀጣሪ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው የመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ነው። አዲስ ያገባ ሠራተኛ የትዳር አጋሩን ለማስመዝገብ ቢያንስ 30 ቀን ይሰጠዋል። እኛ ዘንድ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሠርጉ እዚህ ተደግሶ ቪዛው በዓመቱ ወይም በሁለት ዓመቱ ይመጣል፤ 30 ቀኑ ድሮ አልፏል። አንዳንድ ቀጣሪ አሜሪካ የገባችሁበትን ቀን እንደ አዲስ ምክንያት ይቆጥራል። አንዳንዱ ግን የዓመቱን ምዝገባ ጠብቁ ይላል፤ እሱም ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ባለቤታችሁ የሰው ኃይል ክፍሉን ይጠይቅ። በኢሜይል ይጠይቅ፣ መልሱም በጽሑፍ ይምጣ። በእጮኛ ቪዛ የምትሄዱ ሌላ ናችሁ። እዚያ ደርሳችሁ በ90 ቀን ውስጥ ስለምትጋቡ የእናንተ 30 ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ጋብቻ ነው።

እንደ እኔ ባለቤት በግሉ የሚሠራ ከሆነ መንገዱ ማርኬትፕሌስ የሚባለው የመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ ነው። ከውጭ አገር መጥቶ ለመኖር የገባ ሰው ከገባበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ይሰጠዋል። እዚያ የሚገዛው ኢንሹራንስ የቆየ በሽታ አለብህ ብሎ አይመልስም። እርግዝናንም ወሊድንም ይሸፍናል። የሚከፈለውም እንደ ቤተሰቡ ገቢ ሊቀንስ ይችላል፤ ለዚህ ግን ባልና ሚስት ታክስ አብረው ማሳወቅ አለባቸው። ግሪን ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ አትጠብቁ። በስደተኛ ቪዛ ስትገቡ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ቪዛ ማኅተም ሲያርፍበት ለአንድ ዓመት የግሪን ካርድ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የመንግሥት መለያ ቁጥርም ገና ካልደረሰ ማመልከቻውን አያስቆመውም።

አሁን የምናገረውን ማስታወሻ ያዙት። ይህ ኢንሹራንስ በተመዘገባችሁበት ቀን አይጀምርም። በአብዛኛው የሚጀምረው በሚቀጥለው የፈረንጅ ወር የመጀመሪያ ቀን ነው። በወሩ 2ኛ ቀን ገብታችሁ በዚያው ዕለት ብትመዘገቡ እንኳ ወሩን ሙሉ ባዶ ናችሁ ማለት ነው። በ27ኛው ቀን ገብታችሁ ወሩ ሳያልቅ ብትመዘገቡ ግን ክፍተቱ የጥቂት ቀን ነው። የትኬት ዋጋ ተቀራራቢ ከሆነ የወሩን መጨረሻ ምረጡ። ይህን የነገረኝ ቢኖር በ11ኛው ቀን ሌላ ታሪክ ይኖረኝ ነበር።

«ግሪን ካርድ ካገኘሁ መንግሥት ያሳክመኛል» የሚል ወሬ ቡና ላይ እሰማለሁ። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ ለአብዛኛው ባለ ግሪን ካርድ አዋቂ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ዝግ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለልጆች ቀድመው የሚከፍቱ ስቴቶች አሉ። እኔ ያለሁበት ሜሪላንድ አንዷ ናት።

የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስ የሚያስፈልገው ዋናው እስኪጀምር ላለችው ለዚያች ክፍተት ነው። ታንኳን ታውቃላችሁ። የዘጌን እንጨት ባሕር ዳር ገበያ ታደርሳለች። ጎርጎራ ድረስ ቤተሰብ ጭኖ በማዕበል የሚሄድባት ግን የለም። የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስም ለሳምንታት ነው፤ ቢበዛ ለጥቂት ወራት። ዋናውን ሳታስመዘግቡ በእሱ ተማምናችሁ 60 ቀኑ እንዳያልፍባችሁ አደራ።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ከውጭ ለሚመጣ ሰው፣ ለእንግዳም ለአዲስ ገቢም የሚሸጥ ነው። እዚህ ሆናችሁ በኢንተርኔት ይገዛል፤ የመነሻ ቀኑም የምታርፉበት ቀን መሆን አለበት። ሌላው እዚያው ለሚኖር ሰው የሚሸጥ የአጭር ጊዜ የሚባለው ነው። እሱ በሁሉም ቦታ አይገኝም። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ አይሸጥም። ሜሪላንድ ከሦስት ወር አያልፍም።

የትኛውንም ብትገዙ ከዋጋው በፊት አከፋፈሉን ጠይቁ። ቁርጥ ነው ወይስ ከሂሳቡ በመቶኛ የሚከፍል? ቁርጥ ከሆነ ተዉት። በመቶኛ ከሆነ ዲዳክቲብሉ ስንት ነው? ዲዳክቲብል ማለት ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከራሳችሁ ኪስ የሚወጣው ነው። ከዚያ ጣሪያው፣ ማለት ኢንሹራንሱ ቢበዛ የሚከፍለው፣ ስንት ድረስ ነው? በምትኖሩበት ከተማ የትኛው ሆስፒታል ይቀበለዋል? ሻጩ ይህን በስልክ መመለስ ካቃተው ወይም «አታስቢ፣ ሁሉን ይሸፍናል» ካለ ስልኩን ዝጉት።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ቆየ በሽታ የሚለውን ገጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። እነዚህ ኢንሹራንሶች ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ ከመግዛታችሁ በፊት የነበረን ማንኛውንም ሕመም በአብዛኛው አይሸፍኑም። እርግዝናንም እንደዚያው። ብዙ እህቶቻችን ባላቸው ዘንድ በደረሱ በጥቂት ወር ስለሚያረግዙ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲጠይቋችሁ አትዋሹ። የደበቃችሁት በሽታ በኋላ ከሐኪም ካርዳችሁ ላይ ከተገኘ አንከፍልም ይላሉ፤ ውሉንም ሊያፈርሱት ይችላሉ።

እኛ የጣና ዳር ሰዎች ደግሞ ይዘነው የምንሄደው ነገር አለ። ወባ አለ። ቢልሃርዚያ አለ። ልጅ ሆነን ሐይቁ ውስጥ ስንዋኝ ማን ነገረን? ከመሄዳችሁ በፊት ፈለገ ሕይወትም ይሁን ጥበበ ግዮን ወይም የምታምኑት ክሊኒክ ሄዳችሁ ታዩ። ለቪዛ የሚደረገው ሜዲካል ይህን ሁሉ አይተካም፤ እሱ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ወባ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ የሚነሳ ዓይነት አለው። እዚያ በበረዶ ወር ትኩሳት ቢይዛችሁ ሐኪሙ ጉንፋን ሊመስለው ይችላል። «የመጣሁት ወባ ካለበት አገር ነው» ብላችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕይወት ታድናለች።

ጥርሳችሁን እዚህ አሳዩ። መነጽር የሚያስፈልገው እዚህ ያሠራ። የጥርስና የመነጽር ነገር በብዙዎቹ የአዋቂ ኢንሹራንሶች ውስጥ የለም፤ ለብቻው ይገዛል። በየቀኑ መድኃኒት የምትወስዱ ዋናው ኢንሹራንስ እስኪጀምር የሚበቃችሁን ከነማዘዣው ያዙ። ማዘዣው በእንግሊዝኛ የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስም ይኑረው። የክትባት ወረቀቱን፣ የተተረጎመውን የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የኢንሹራንሱን ወረቀት በእጅ ቦርሳ ያዙ። በርበሬው መሐል አይግባ።

ወደ አውሮፓ የሄደ ዘመድ ያለው ያውቃል። የሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ስለሚጠየቅ ሁሉም ይገዛል። አሜሪካ ለትዳር ቪዛ እንዲህ ያለ ነገር በ2019 ልትጀምር ነበር፤ ፍርድ ቤት አገደው፣ በ2021 ተሰረዘ። እኛም ኤምባሲው ስላልጠየቀን ሳንገዛ እንሄዳለን። ሕመም ግን ኤምባሲ ጠየቀ አልጠየቀ አይልም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኢንሹራንስ ሳይኖራችሁ ብትታመሙ ቤት አትቅሩ። ይህን ለእናቶች ደግሜ እላለሁ፤ ልጃችሁ በስልክ «አመመኝ፣ ግን ሂሳቡን ፈርቼ ተኛሁ» ካለቻችሁ ሂጂ በሏት። ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ አለ። የድንገተኛ ክፍል ገንዘብ የለሽም ብሎ ሳይመረምርና ሳያረጋጋ ሊመልስ አይችልም። ሂሳቡ በኋላ ይመጣል፤ ለሂሳቡም መላ አለ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ሰው ሂሳብ የሚቀንሱበት ወይም የሚሰርዙበት ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። የመጀመሪያው ሂሳብ ከመጣ ጀምሮ 240 ቀን ማመልከት ይቻላል። የእኔ የሆስፒታል ሂሳብ አብዛኛው የወረደው በዚህ ነው። ቅጹን የሰጠችን የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ እስክንጠይቃት ግን ማንም አልነገረንም። እንደ ገቢ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ለቀላል ሕመም እዚያ ይኬዳል።

አሁን 10 ሰዓት ሆኗል። ሜሪላንድ ጠዋት ነው፤ ቢሮዎች እየተከፈቱ ነው። ባል ወይም ሚስት እዚያ ያላችሁ ከዚህ ስትወጡ ደውሉ። በመሥሪያ ቤት በኩል ነው ወይስ በማርኬትፕሌስ? ከየትኛው ቀን ይጀምራል? እስከዚያ ድረስ የምን ኢንሹራንስ አለኝ? ሦስቱን መልስ ጽፋችሁ ያዙ። አዳራሹ ውስጥ ኔትወርክ ደካማ ነው፤ ወደ ሐይቁ ወጣ ስትሉ ይሻላል። የገዛችሁት ወረቀት ካለ ደግሞ ስልካችሁ ላይ አምጡልኝ። እስኪመሽ እዚሁ ነኝ፤ አብረን እናነበዋለን።