ማሰሪያ አንቀጹ የት አለ? በጎንደር ለክረምት የእንግሊዝኛ ትምህርት መክፈቻ የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራን ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ከሥራ ሰዓታችሁ ቆርሳችሁ የመጣችሁ አስጎብኚዎችና የሆቴል ሠራተኞች፤ እንደምን አደራችሁ!

የጎንደር ልጅ ሰዋስው ይከብደዋል የሚለኝን ሰው አላምነውም። በዚህ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የግእዝ ተማሪው «ቀተለ»ንና «ቀደሰ»ን በ10ሩ መራሕያን፣ ማለትም እንደ «እኔ»፣ «አንተ»፣ «እርሱ» ባሉት ተውላጠ ስሞች፣ ሲያረባ ይውላል። እንግሊዝኛ ግን ከ«መሆን» ግስና ከጥቂት ረዳት ግሶች በቀር በአሁን ጊዜ የሚጠይቀን አንዲት የ«ስ» ድምፅ ብቻ ነው፤ እርስዋም ለ«ሂ»፣ ለ«ሺ» እና ለ«ኢት»። ይህችኑ አንዷን እየጣልን «ሂ ወርክ» እንላለን። «አልማዝ ይመጣል» ሲባል ጆሯችን የሚቆስል ሰዎች «ወርክስ» ማለት ሊያቅተን አይገባም።

ጉዳዩ የፈተና ነጥብ ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ዓይነትነት፣ ከሁለተኛ ደረጃ አንሥቶ ደግሞ በማስተማሪያ ቋንቋነት አስቀምጦታል። የ9ኛ ክፍል ልጃችን ፊዚክስ ያቃተው ሲመስለን ብዙ ጊዜ ያቃተው ጥያቄው የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አብዛኛው ስሕተታችን ከስንፍና አይመጣም፤ የአማርኛን ሕግ በታማኝነት ይዘን እንግሊዝኛ ውስጥ ከመግባታችን ይመጣል። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ለማረም አማርኛችን ምን እንደሚሠራ ማየት አለብን።

አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ይሸከማል። «ይዘንባል» ብንል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ «ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ ማቆም ግን አይቻልም፤ ባለቤት ሆኖ የሚቆም «ኢት» ከፊቱ ይፈለጋል። ተሳቢውም እንደዚሁ ነው። «ፋሲለደስ የሠራው ግንብ» ስንል «የሠራው» የምትለዋ ቃል መጨረሻ ላይ ግንቡን የምታመለክት ምልክት አለች። አስጎብኚው ያችን ምልክት ይዞ ይሻገርና «ዘ ካስል ዊች ፋሲለደስ ቢልት ኢት» ይላል። «ዊች» ግንቡን ስለያዘው የመጨረሻው «ኢት» ትርፍ ነው። «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ መካከል ላይ «በት» መጨመርም ከ«ምንም እንኳ» እና ከ«ግን» ጥምረት የተቀዳ ነው፤ እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል።

መስተዋድድን በተመለከተ ሕግ ፍለጋ ባትደክሙ እመርጣለሁ። እኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» እንላለን፤ «ዲስከስ» ግን «አባውት»ን አይወድም። እኛ «ሬዲዮ አዳመጥኩ» እንላለን፤ «ሊስን» ደግሞ ያለ «ቱ» አይሄድም። ግሱን ከነመስተዋድዱ አብሮ መያዝ ነው።

ትልቁ ችግር ያለው ዓረፍተ ነገሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። «ማለዳ ተነሥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ወደ አዘዞ ሄድኩ» የሚለውን አስቡት። «ተነሥቼ»፣ «ታጥቤ» እና «በልቼ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩን አያስሩም። የሚያስረው «ሄድኩ» ነው። ተማሪው ይህንኑ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «አይ ዎክ አፕ ኧርሊ፣ አይ ዎሽድ ማይ ፌስ፣ አይ ኤት ብሬክፋስት፣ አይ ዌንት ቱ አዘዞ» ይለዋል። ሳያውቀው ቦዞቹን ሁሉ ማሰሪያ አደረጋቸው። አራት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች በነጠላ ሰረዝ ብቻ ተያይዘዋል፤ የእንግሊዝኛ ነጠላ ሰረዝ ደግሞ ይህን ሸክም አይችልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ባለቤቱን አንድ ጊዜ ብቻ ጥሩት፣ ከመጨረሻው ግስ በፊት «ኤንድ» አስገቡ። ወይም በነጥብ ለዩአቸው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስሕተት ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። «መንገዱ ስለተዘጋ።» ብሎ ነጥብ የሚያስቀምጥ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ግሱ ራሱ «አላለቅሁም» ይለናል። «ቢኮዝ ዘ ሮድ ወዝ ክሎዝድ» ላይ ግን «ወዝ ክሎዝድ» ሙሉ ግስ ይመስላል፣ ጆሯችንም አያስጠነቅቀንም። ዓረፍተ ነገሩን ያንጠለጠለው ከፊት የቆመው «ቢኮዝ» ነው። አማርኛ ጥገኝነቱን ግሱ ላይ ያስራል፤ እንግሊዝኛ በር ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ እንደ መጨረሻው መርምሩ።

ለሆቴል ሠራተኞች አንድ ነገር ልጨምር። ቁርስ ያልበላን እንግዳ በእንግሊዝኛ «አልበሉም እንዴ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ኖ» ይላችኋል፤ አልበላሁም ማለቱ ነው። እኛ በአማርኛ «አዎ፣ አልበላሁም» ስለምንል «ኖ» የሚለውን «አይ፣ በልቻለሁ» ብለን ልንሰማው እንችላለን። እናንተ ሳሕኑን ታነሣላችሁ፣ እሱ ተርቦ ጎብኝቶ ይመለሳል።

12ቱን የጊዜ ስሞች በቃል መወጣት በዚህ ክፍል ምስጋና አያስገኝም። ስሞቹን እንደ ውዳሴ እያነበነበ «የስተርዴይ» ከሚለው ቃል ጋር «ሃቭ ሲን» የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው። ያለፈበት ቀን ተለይቶ ከተጠራ «ሶው» ይበቃል። ወደ 200 የሚጠጉትን እንደ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ያሉ ሕግ የማይከተሉ ግሶች ግን በቃል ያዟቸው፤ ለእነርሱ ከግእዝ ተማሪው የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ ደጋግሞ ማለት ነው።

ሰኞ ስትመጡ እያንዳንዳችሁ ስለ ሰፈራችሁ በእጃችሁ የጻፋችሁትን ግማሽ ገጽ እንግሊዝኛ ይዛችሁ ኑ። ስልክ የተረጐመውን አልቀበልም። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ግሶቹን ሁሉ እናሰምርባቸዋለን፣ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ባለቤቱን እንፈልጋለን፣ ነጥቦቹን የምናስተካክለው ከዚያ በኋላ ነው። የመመዝገቢያው ቅጽ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቀን የምትሠሩ የማታውን ፈረቃ ምረጡ። አመሰግናለሁ።