መጀመሪያ ማቆም ልመዱ፦ ስለ ማውንቴንቦርድ ውድድር

እሷ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ከሐዋሳ ነን። ባለፈው ስለ ማውንቴንቦርድ ካወራን ወዲህ «መወዳደር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» የሚሉ ልጆች በዝተዋል።

እሱ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ለማያውቁት በአጭሩ እንንገራቸው። ከስኬትቦርድ ረዘም ያለ ሰሌዳ ነው። ጎማዎቹ በአየር የሚነፉ ናቸው፤ እግር የሚገባበት ማሰሪያም አለው። በሣር፣ በአፈር፣ በጠጠር ላይ ቁልቁል ይነዳል።

እሷ፦ የጀመሩት በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች ናቸው አይደል?

እሱ፦ አዎ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሜሪካ፣ እንግሊዝና አውስትራሊያ ውስጥ በየፊናቸው ሠሩት። በረዶው ሲቀልጥ ተራራውን ትተው መውረድ አልፈለጉም። ኮሎራዶ ውስጥ ኤምቢኤስ የሚባለው አምራች የተመሠረተው በ1993 ነው።

እሷ፦ እኛ ደግሞ እዚሁ የታቦርና የአላሙራ ተራሮች አሉን።

እሱ፦ ታቦርን ሳይ የእኔም ልብ ይነሳል። ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ድንጋይ አለበት፤ ሰውም በእግሩ ይወጣበታል። አጭር፣ ሣር ያለበትና ከላይ እስከ ታች ጥርት ብሎ የሚታይ ተዳፋት ይበቃል።

እሷ፦ የውድድሩን ዓይነቶች ንገራቸው።

እሱ፦ ዳውንሂል ፍጥነት ነው፤ ቶሎ የወረደ ያሸንፋል። ፍሪስታይል ላይ ዳኞች ዝላዩንና አየር ላይ የምትሠሪውን ያያሉ። ቦርደርክሮስ ላይ ግን አራት ሰው እኩል ይነሳል። ጥምዝ አለ፣ ጉብታ አለ፣ ዝላይ አለ። ብዙ ጊዜ ቀድመው የገቡት ሁለቱ ወደ ቀጣዩ ዙር ያልፋሉ።

እሷ፦ እኔ ቦርደርክሮስን ነው የምወደው። አነሳሱ ራሱ! የመነሻው በር ሲከፈት መያዣ ብረቱን በሁለት እጅ ስቦ ራስን ወደ ፊት መወርወር። የመጀመሪያውን ጥምዝ ቀድሞ የያዘ መስመሩን ይመርጣል።

እሱ፦ ልክ ነሽ። ግን ጀማሪ መጀመሪያ ብቻውን፣ ሰዓት እየተያዘለት ይውረድ። አራት ሆኖ መውረድ ከጎንህ ያለውንም ሰው መጠበቅ ነው። ማቆም የማይችል ልጅ ሌላውን ይዞ ይወድቃል።

እሷ፦ እስቲ ማቆሙን አስረዳቸው፤ ብዙዎች ሳይማሩ የሚያልፉት እሱን ነው።

እሱ፦ ሰሌዳውን ወደ ተዳፋቱ አግድም ታዞሪያለሽ። ጉልበትሽን ታጥፊያለሽ፤ ክብደትሽን ወደ ዳገቱ በኩል ታደርጊያለሽ። ጎማዎቹ አፈሩን እየፋቁ ይንሸራተታሉ፣ ትቆሚያለሽ። በግራም በቀኝም በኩል መቻል አለብሽ። ሰው አንዱን ጎን ብቻ ይለምድና ውድድር ላይ ሌላው ሲመጣበት ይጨነቃል።

እሷ፦ መውደቅስ? እግር ታስሮ እንደ ስኬትቦርድ ዘሎ መውረድ የለም።

እሱ፦ ለዚህ ነው መውደቅም የሚለመደው። እጅን ዘርግቶ መሬት መደገፍ የእጅ አንጓ ይሰብራል። ዝቅ በዪ፣ በጉልበት መከላከያው ላይ ተንሸራተቺ፣ ወይም በትከሻሽ ተንከባለዪ። ሄልሜት፣ የጉልበት፣ የክርንና የእጅ አንጓ መከላከያ ሳያደርግ ማንም መነሻው ላይ አይቁም። በዚህ አልደራደርም።

እሷ፦ እኔም። ጎማውስ?

እሱ፦ ብዙ ሰሌዳ ላይ ያለው ባለ 8 ኢንች ነው። ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ጠበቅ አድርገሽ ብትነፊው ይሮጣል። ሣሩ እርጥብ ሲሆን ትንሽ ብታስተነፍሺው መሬቱን ይይዛል። ጎኑ ላይ ከተጻፈው ልክ ማለፍ ግን የለም። ብዙውን ጊዜ ውስጡ እንደ ሳይክል ሌላ ጎማ ስላለው፣ ሲቀደድ ጎሚስታ ጋ ወስዶ ማስለጠፍ ነው። ብሎኖቹንም ከእያንዳንዱ ዙር በፊት አጥብቁ።

እሷ፦ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ውድድር ማዘጋጀት ለሚፈልጉስ?

እሱ፦ ይዘጋጅ እንጂ! የቦታውን ባለቤት አስፈቅዱ። ከመነሳት በፊት ሁሉም በእግሩ ወርዶ መንገዱን ይይ፣ ድንጋዩን ይልቀም። ታች አንድ ሰው ባንዲራ ይዞ ይቁም፤ ልጅ ወይም ከብት ከገባ ያውለብልብ፣ ላይ ያለው አይነሳ።

እሷ፦ ከመጨረሻው መስመር በኋላም ሰፊ ሜዳ ተዉ። ሰው መስመሩን የሚያልፈው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። እዚያ አጥር ወይም የባጃጅ መንገድ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ።