በልብ ዙሪያ የሚጠራቀም ፈሳሽ፦ መጠኑ ወይስ ፍጥነቱ?

አቅራቢ፦ ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ በልብ ዙሪያ የሚጠራቀም ፈሳሽ እንዴት እንደሚታከም እንነጋገራለን። ዶክተር፣ በመርፌ ከሚቀዳበት መንገድ ብንጀምርስ?

ዶክተር፦ አስቀድሜ ስለ ከረጢቱ ልናገር። ልብን በሚሸፍኑት ሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል፣ ጤናማ ሰው ላይም ቢሆን ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ አለ። የውጭኛው ሽፋን በቶሎ ስለማይለጠጥ፣ ደረቱን በስለት የተወጋ ሰው 200 ሚሊ ሊትር የማይሞላ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ቢፈስበት ልቡ ታፍኖ ደም መቀበል ሊያቅተው ይችላል፤ በወራት ቀስ እያለ ከተጠራቀመ ግን ያው ከረጢት ከ1 ሊትር በላይ ሊይዝ ይችላል።

አቅራቢ፦ የአክስቴም እንዲሁ ቀስ ብሎ የመጣ ነበር። ትራስ ደራርባ ወደ ፊት ካላጎነበሰች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። በልብ አልትራሳውንድ ሲታይ ልቧ በጥቁር ቀለበት ተከብቦ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቅ ነበር። መንስኤው የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ነው ተብሎ፣ ሳይቀዳላት ኪኒን ተሰጥቷት ወደ ቤት ተመለሰች። እኔ ግን ያን ዕለት መቀዳት ነበረበት እላለሁ።

ዶክተር፦ በዚህ አልስማማም። የደም ግፊቷ ካልወረደ ሆርሞኑ ሲስተካከል ፈሳሹም ቀስ በቀስ ይጎድላል፤ መርፌው ደግሞ ልብን ወይም ሳንባን ሊወጋ ይችላል።

አቅራቢ፦ ያን ያህል ፈሳሽ ተሸክሞ ወደ ቤት መሄድ ግን ያስፈራል።

ዶክተር፦ ያስፈራል፤ ስለዚህም በአልትራሳውንድ እየተደጋገመ መታየት አለበት። ሆኖም ደግሜ የምለው፣ ከመጠኑ ይልቅ ፍጥነቱን እንይ ነው። ክላውድ ቤክ የተባለው ቀዶ ሐኪም በ1935 እ.ኤ.አ. የገለጻቸው ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም የደም ግፊት መውረድ፣ የአንገት ደም መልሶች መወጠርና የልብ ድምፅ መድከም፣ ሁልጊዜ አብረው ባይገኙም፣ ሲታዩ ለነገ የሚባል ነገር የለም።

አቅራቢ፦ ያኔ ወደ መርፌው እንመጣለን ማለት ነው።

ዶክተር፦ አዎን፤ በአልትራሳውንድ እየተመሩ ከደረት አጥንት በታች ወይም ፈሳሹ በብዛት በሚታይበት በኩል ይቀዳል። እጅግ የምሰጋው ግን እግሩ አብጦ ትንፋሽ ላጠረው ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚያሸና መድኃኒት እንዳይሰጠው ነው፤ ወደ ታፈነው ልብ የሚመለሰውን ደም ይበልጥ ይቀንሰዋልና።

አቅራቢ፦ ከተቀዳ በኋላስ?

ዶክተር፦ መንስኤው ይታከማል። ቲቢ ከሆነ የቲቢ መድኃኒት፣ ኩላሊት ከደከመ እጥበት ያስፈልጋል፤ በካንሰር ምክንያት እየተመላለሰ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ፈሳሹ እንዲወጣ በቀዶ ሕክምና ሽፋኑ ላይ ቀዳዳ ይበጃል።