ሁለት ድስት

ብሩክ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! የዛሬው ወሬያችን የሚጀምረው ከእኛ ኮንዶሚኒየም እድር ነው። ሰዓዳ ገና ሳልጀምር እየሳቀችብኝ ነው።

ሰዓዳ፦ ስለ ሃይማኖቶች መቻቻል እናውራ ብለህ ጠርተኸኝ ድስት ድስት ስትል ምን ላድርግ!

ብሩክ፦ ቆይ፣ ይገናኛል። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ነበረን። እድሩ ዕቃ ሊገዛ ነው፤ ድስት፣ ሰሃን፣ ወንበር፣ ድንኳን። አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ተነሥተው «ለእኛ ለብቻው ሁለት ድስት ቢገዛልን» አሉ። ወዲያው አንዱ ተነሣና «ኧረ እንዴት ይሆናል! እኛ እኮ አንድ ነን። ድስት ሊለያየን ነው?» አለ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሰዓዳ፦ አንተም?

ብሩክ፦ ንግግሩ ደስ ይላላ! ኋላ ዞር ብዬ ሰውየውን ሳያቸው ፈገግ ብለው ቁጭ አሉ። ያቺ ፈገግታ ናት እስካሁን የምትከነክነኝ።

ሰዓዳ፦ ታውቃለህ፣ እኔ ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው ያደግኩት። እዚያ ይሄ ክርክር ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ወሎ እድሩን ቅሬ ነው የምንለው። ክርስቲያን ጎረቤት ሲድር ለሙስሊሙ እንግዳ የሚታረደው ለብቻው ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ደጋሹ እጁን አያስገባም። ሙስሊሞቹ መጥተው ራሳቸው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ራሳቸው ይሠራሉ፣ እንግዳውንም ራሳቸው ያስተናግዳሉ። እናቴ ለጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ሦስት ቀን ቤት አልገባችም። አባቴ ሽሮ ሲሠራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ብሩክ፦ እናንተ ስትድሩስ? በሙስሊሙ በኩል ማለቴ።

ሰዓዳ፦ ያው ነው፣ ይገለበጣል። ደግሞ ቀኑ! ሙስሊም ሆነህ ሰርግ በዐቢይ ጾም አትቆርጥም። ግማሹ እንግዳህ ሥጋ አይበላማ። እናቴ የጾሙን መግቢያ ከአንተ በላይ ታውቃለች።

ብሩክ፦ እኔ ቴሌግራም ላይ ነው የማየው፣ እውነት ለመናገር። በ2017 ግን ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ፤ ቢሮ ምሳ ሰዓት ላይ ጭር አለ።

ሰዓዳ፦ ወደ ሥጋው ልመልስህ። ቁም ነገሩ ሲታረድ የሚጠራው ስም ነው። አንዱ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ይላል፣ ሌላው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ይላል። ኪታብ ላይ ዑለማዎቹ ስለ አህለል ኪታብ፣ ማለትም ስለ ክርስቲያኖችና አይሁዶች፣ እርድ የሚሉት አለ፤ በእኛ አገር ግን ሥጋው ማንነት ሆኗል፣ በሁለቱም ወገን። ስለዚህ «አንድ ነን፣ ከአንድ ድስት እንብላ» የሚለኝ ሰው ድስቱ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቃል። የእሱ ነው።

ብሩክ፦ …እሺ። ይቺ ገብታኛለች።

ሰዓዳ፦ ክፋት ነው እያልኩ አይደለም። ሳያስብበት ነው። ብዙ የሆነ ሰው ብዙ መሆኑ ትዝ አይለውም።

ብሩክ፦ ግን ሰዓዳ፣ ወሎን ትንሽ እያሳመርሽው እንዳይሆን። ሁሌም «የፍቅር አገር» ነው የምትሉት።

ሰዓዳ፦ ያቺን ቃል እኔም ፈራኋት። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ የሚባል ቦታ አለ፤ ለእኔ በልጅነቴ ቦሩ ሜዳ ማለት ሆስፒታሉ ነው። ኋላ ነው ታሪኩን ያነበብኩት። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ የጠሩት እዚያው ነው፤ ምኒልክም ነበሩ። መጀመሪያ የካህናቱን የሃይማኖት ክርክር ጨረሱ። ቀጥሎ የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ሹም ከሆንክ ወይ ትጠመቃለህ ወይ ሹመትህን ታስረክባለህ።

ብሩክ፦ ንጉሥ ሚካኤል ያኔ አይደል?

ሰዓዳ፦ አዎ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ፣ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዮሐንስ ናቸው። እምቢ ብሎ የሸፈተም አለ፤ ሼህ ጠልሃን ታውቃለህ። ቀን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ማታ በጓዳ የሚሰግድም ነበር። እና ዛሬ «በአንድ ቤት መሐመድና ገብረ ማርያም ወንድማማች ናቸው» ብለን በቴሌቪዥን ስንኮራ፣ አንዳንዱ ቤት እንዲያ የሆነው በፍቅር ጋብቻ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በአዋጅ ነው።

ብሩክ፦ የሚካኤል ልጅ ደግሞ ልጅ ኢያሱ። በ1909 መስከረም ላይ ከሥልጣን ሲወርድ ዋናው ክስ «ሰልሟል» የሚል ነበር።

ሰዓዳ፦ በወሩ ሰገሌ ጦርነት ላይ ያ ሁሉ ሰው አለቀ። እንዲያም ሆኖ እነዚያው ቤተሰቦች ተጎራብተው መኖር ነበረባቸው። የቅሬው ሥርዓት ለእኔ ከዚህ ኑሮ የወጣ ነው። ሰዎቹ የዋህ ስለሆኑ አይመስለኝም፤ ሲነካካ ምን እንደሚመጣ ያዩ ናቸው።

ብሩክ፦ እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት ነጃሺንና ስደተኞቹን ብቻ ነው። በፈረንጆቹ 615፣ ተቀበልናቸው፣ አለቀ!

ሰዓዳ፦ (ሳቅ) አንድ ሺህ ሦስት መቶ ምናምን ዓመት ዘለላችሁ! ኢድ የመንግሥት በዓል የሆነው እኮ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ መውረድ በኋላ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሙ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጣ፣ ክርስቲያኖችም አብረው ወጡ። እኔ ከነጃሺ ይልቅ ያንን ሰልፍ ብታስተምሩን ነው የምመርጠው።

ብሩክ፦ የቀብሩን ንገሪኝ። ባለፈው ከማይክ ውጭ ያወራሽኝን።

ሰዓዳ፦ አያቴ የሞቱ ቀን። ሙስሊም ቶሎ ነው የሚቀበረው፣ ዘመድ ከሩቅ እስኪመጣ አይጠበቅም። ክርስቲያኖቹ የቅሬ አባላት ይሄን ያውቃሉ፤ ጥሩምባው እንደተነፋ ዶማና አካፋ ይዘው ቀድመው መቃብሩ ቦታ ደርሰዋል። ሲሰገድ ራቅ ብለው ቆሙ፤ አልሰገዱም፣ ማንም ስገዱ አላላቸውም። ሲያልቅ አፈሩን አብረው መለሱ። ቤት ስንመለስ ንፍሮ ነው፤ ንፍሮ ላይ የሁለቱም ስም አይጠራበትም።

ብሩክ፦ ጎንደር ትዝ አለኝ።

ሰዓዳ፦ ሚያዝያ 18 ቀን 2014። እሱም ቀብር ላይ ነው። የአንድ ሼህ ቀብር፣ መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይዋሰናል፣ በድንጋይ ተጣሉ ተባለ፤ ከ20 በላይ ሰው ሞተ። በቀናት ውስጥ ደግሞ ስልጤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ።

ብሩክ፦ ከዚያ መግለጫ ወጣ፣ አባቶች ተቃቅፈው ፎቶ ተነሡ።

ሰዓዳ፦ ፎቶውን አልንቅም። አባቶች ባይወጡ የባሰ ይሆን ነበር። ግን መቃብሩ የት ላይ እንደሚያልቅ ፎቶው አይነግርህም። ወሰኑን ቀድሞ ተቀምጦ የሚያሰምር፣ ሰው ሲሞት ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እሱ ስብሰባ አሰልቺ ነው፣ ካሜራም አይመጣበትም።

ብሩክ፦ እንደኛ እድር ስብሰባ።

ሰዓዳ፦ እንደናንተ! መቼ ነው የሚቀጥለው?

ብሩክ፦ እሑድ። ልናገር ነው። ምን ልበል?

ሰዓዳ፦ ስለ መቻቻል እንዳታወራ ብቻ። መጀመሪያ ሰውየው ቤት ሂድ፣ ስንት ሰው እንደሚሆኑና ስንት ሊትር ድስት እንደሚበቃቸው ጠይቃቸው። ጭልፋውንም አትርሱ፤ ድስት ለይታችሁ በአንድ ጭልፋ ብታማስሉ ምን ዋጋ አለው!

ብሩክ፦ ጭልፋ… ጻፍኩ። ስቶር ውስጥ እንዳይቀላቀልስ?

ሰዓዳ፦ ክዳኑ ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀቡበት። ቁልፉን ደግሞ እሳቸው ይያዙት።