ጀልባውን ለዛሬ ተዉት

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ትንሽ ከሻከረባችሁ ይቅርታ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ነፋስ ሲመታኝ ነው የዋለው። ጣና ዳር ነበርኩ። የዛሬው ወሬያችንም እሱ ነው፣ በጣና ዳርና በደሴቶቹ ላይ በእግር መሄድ።

ባህር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው አንድ የማይቀርለት ግዴታ አለ። ከአዲስ አበባ ዘመድ በመጣ ቁጥር ጀልባ ተከራይቶ ገዳም ማሳየት። ስንት ጊዜ እንደሄድኩ ቆጥሬው አላውቅም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ወሬ አይሰማም፣ ዘጌ ትወርዳላችሁ፣ ሥዕሉን ታያላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ በቃ ተመለሱ። ክብራን ገብርኤል ስትደርሱ ደግሞ ሴት አይገባም። ወንዶቹ ይወጣሉ፣ እኔና አክስቴ ጀልባ ጠባቂ። አንድ ቀን አክስቴ እዚያው እንደተቀመጠች፣ "ቆይ፣ እኛ ብር የከፈልነው ውሃ ላይ ለመቀመጥ ነው?" አለችኝ። ሳቅኩ። ግን እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣናን የማውቀው ከተቀመጥኩበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በእግሬ ነው።

አንደኛዬ ዘጌ ነው፣ አልከራከርም። ብዙ ሰው በጀልባ ስለሚሄድበት ደሴት ይመስለዋል። አይደለም፣ ባሕረ ገብ መሬት ነው። አፋፍ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ እስከዚያ በመኪና ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ጫካ ነው። ጫካ ስል ግን ሰው የሚኖርበት ጫካ። ትልልቆቹ ዛፎች ከላይ፣ ቡናው ከሥራቸው፣ ቤቶቹ መሀል ለመሀል፣ መንገዱ ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ ዳርና ዳሩ የድንጋይ ካብ የሆነ ቦታ አለው። ትንሽ እንደሄዳችሁ አንድ ነገር ይጎድልባችኋል፣ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ አይገባችሁም። የከብት ድምፅ ነው። በሬ የለም፣ ጅራፍ የለም።

ታሪኩን ሳትሰሙት አትቀሩም። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ስማቸውን ደግሞ ልብ በሉልኝ፣ በትረ ማርያም። የዘጌ ሰው ሳያርስና ከብት ሳያረባ በዚያ እንዲኖር ቃል ተገብቶለታል ነው የሚባለው። አመናችሁም አላመናችሁም ውጤቱን ትረግጡታላችሁ። ሌላው የጣና ዳርቻ ማረሻው እስከ ውሃው አፍ ድረስ ይወርዳል። እዚህ ግን መሬቱ ቅጠል በቅጠል ስለሆነ ሲረገጥ ሰመጥ ይላል፣ ፍራሽ ላይ የምትሄዱ ነው የሚመስላችሁ።

አንድ ጊዜ፣ ያው ሞኝነቴ፣ ነሐሴ ላይ በሰንደል ጫማ ገባሁበት። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስሄድ ጭቃው አንዱን ጫማዬን ይዞ አስቀረው፣ ስጎትተው ማሰሪያው ተበጠሰ። ደጃቸው ላይ ጌሾ የሚለቅሙ አንዲት እናት ነበሩ፣ ሁሉንም አይተዋል። "ልጄ፣ በዚህ ጭቃ በዚህ ጫማ?" አሉኝ። "ተሳስቼ ነው እማማ" አልኩ፣ ምን ልበል። ተነሱ፣ ልጥ ልጠው አመጡ፣ ጫማውን ከነእግሬ ጥፍር አድርገው አሰሩልኝና ወደ ጌሾአቸው ተመለሱ። አፋፍ ድረስ ያደረሰኝ ያ ልጥ ነው። ቤት ገብቼ ለመፍታት መቀስ አስፈለገኝ።

ከተማው ውስጥ ያለው የጣና ዳር መንገድ ጥሩ ነው፣ ዋርካው፣ ጥላው፣ ሁሉም። ችግሩ አጥር ነው። ትንሽ ትሄዱና አጥር፣ ወደ አስፋልት ትወጣላችሁ፣ ትዞራላችሁ፣ ሌላ አጥር። ውሃው የሁላችንም ሆኖ ዳርቻው የባለ አጥሩ የሆነው እንዴት ነው? እሺ፣ ይሄን ልተወው፣ ያናድደኛል።

ወሩን ግን ምረጡ። ጣና ሲያዩት ባሕር ይምሰል እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ራሱ ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም። ዳርቻውም ብዙ ቦታ ሜዳ ነው። ስለዚህ በክረምት ውሃው ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ሲል ያ ሁሉ ሜዳ ይዋጣል። ግንቦት ላይ በደረቅ እግሬ ያለፍኩበትን ቦታ መስከረም ላይ ብሄድ ዓሣ አስጋሪ ቆሞበት አገኘሁት። እንቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ደግሞ አለ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው ስሙን መስማት የጀመርነው፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል በበዛበት ቦታ ውሃው የት እንደሚጀምር አይታወቅም። አረንጓዴ ሜዳ መስሏችሁ እንዳትረግጡት።

ደቅን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የረገጥኩት። ከደሴቶቹ ትልቁ እሱ ነው፣ በእርሻ መሀል ዝም ብሎ መሄድ ይቻላል። ጫፉ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች፣ እዚያ ሴትም ትገባለች። እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። አጠገቡ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፣ የእነ ዐፄ ፋሲል አስከሬን ያለበት። ለእኔ እሱ ከሩቁ ነው። ጀልባ ጠባቂነቴ እዚያም ይከተለኛል።

አሁን ጊዜው ጊዜ ነውና፣ የትም ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። እኔም ትናንት ሩቅ አልሄድኩም፣ ደብረ ማርያም ነው የሄድኩት። ከከተማው በእግር ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ አጭር መሻገሪያ ነው። ደሴቷን ለመዞርም ብዙ አትደክሙም። ዳሩ ደንገል ነው፣ ታንኳ የሚሠሩበት ረጅሙ የውሃ ዳር ተክል፣ ታንኳዎቹ ውሃ ጠጥተው ስለሚከብዱ ፀሐይ ላይ አቁመው ያደርቋቸዋል። ማለዳ ከሄዳችሁ ጉማሬም አይጠፋ።

ስመለስ አሻጋሪውን እየጠበቅኩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አባይ ከጣና የሚወጣው እዚያ ጋ ነው፣ ግን በር የለው፣ ምልክት የለው። አንድ የተቆረጠ ደንገል ውሃው ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ማዕበሉ ወደ እኔ ያመጣዋል፣ መልሶ ይወስደዋል፣ ያመጣዋል፣ ይወስደዋል። ብዙ ቆየ እንደዚያ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ጫፉን ወደ ደቡብ አድርጎ ጉዞ ጀመረ፣ አልተመለሰም። አጠገቤ መረባቸውን የሚያፍታቱ አንድ አባት ነበሩ፣ እሳቸውም ለካ እያዩት ነበር።

"እሱ አባይ ሆነ እንግዲህ" አሉኝ።